የተፈተነ ጋሻ

ሀሚዳ የተወለደችው መቻራ፣ ቡና አገር ነው። ጭሮ የገባችው በጋብቻ ነው። ያገባት አክረም የጫት መኪና ሹፌር ነበር። ሲያገባት ቤትም መሬትም አልነበረውም፤ ነገር ግን ከጭሮ እስከ አዋሽ ያለውን ጠመዝማዛና ጉድጓድ ሁሉ ዓይኑን ጨፍኖ ይናገር ነበር።

«ድህነት በእግሩ ነው የሚሄደው፤ እኔ አይሱዙ አለኝ፤ አይደርስብኝም» ይላት ነበር።

እሷም እጇን አጣጥፋ የምትቀመጥ ሴት አልነበረችም። መጀመሪያ ለሌሎች ነጋዴዎች ጫት እየመረጠች፣ በኮባ ቅጠል እየጠቀለለች ዙርባ ታስር ነበር። ቀስ በቀስ ከገበሬው በቀጥታ መረከብ ጀመረች። እጇ ፈጣን ነው፤ አንደበቷ ደግሞ ከእጇ ይቀድማል። ገበሬው ለጋውን ከላይ ደርድሮ የጠወለገውን ከሥር ሲሸሽግባት ዙርባውን መሬት ላይ ትዘረግፈውና፣ «አባቴ፣ ይህን ለፍየልዎ ይውሰዱላት፤ እሷም ካልናቀችው» ትላለች። ገበያው ይስቃል። ገበሬውም አፍሮ ይስቃል። በዚህ ዓይነት አሥር ዓመት ያህል ሠርተው አይሱዙውን የራሳቸው አደረጉት።

ከዚያ መንገዱ ታመመ። ከአሰቦት ቆላ ጀምሮ እስከ ቦርደዴና ከዚያም ወዲያ፣ አንዳንድ ቀን ከቁጥቋጦው ውስጥ ይተኮሳል። ማን እንደሚተኩስ አንዱ አንድ ይላል፣ ሌላው ሌላ ይላል፤ ማረጋገጫ ያለው የለም። ሌላ መኪና ቆሞ ሊያድር ይችላል። ጫት ግን አይቆምም፤ ከቆመ ይጠወልጋል፣ ከጠወለገ ገረባ ነው፣ የሚጣል ቅጠልና እንጨት። ስለዚህ የጫት ሹፌሮች የጥይት መከላከያ ሰደርያ መልበስ ጀመሩ። ሰደርያው ራሱ ጨርቅ ነው፤ የክላሽ ጥይት አያቆምም። ጥይት የሚያቆመው በደረትና በጀርባ ኪሱ ውስጥ የሚገባው ጠንካራ ገበታ ነው። ሠሪዎቹ ምን እንደሚሉት አናውቅም፤ የጭሮ ሹፌር ግን «ጋሻ» አለው።

ነገሩ አዲስ ቢሆንም አመራረጡ የጥንት ነው። ድሮ በዚህ አገር ለጥይት የሚሆን ክታብ የሚገዛ ሰው በሻጩ ቃል ብቻ አይቀበልም። ክታቡን ፍየል አንገት ላይ ያስርና ይተኩስባታል። ፍየሏ ከሞተች ሥጋዋ ይበላል፣ ክታቡ ይጣላል። ከተረፈች ግን ክታቡ «የተፈተነ» ይባልና በቆዳ ተሰፍቶ አንገት ላይ ይውላል። አንዴ ከተሰፋ አይከፈትም፤ ከተከፈተ ኃይሉ ይሄዳል።

ጋሻው ሲመጣም ሕጉ ያው ሆነ። የቀረችው ፍየሏ ብቻ ናት፤ በእሷ ፋንታ በገረባ የታጨቀ ጆንያ ቆመ። ጋሻው ጆንያው ላይ ይታሰርና ይተኮስበታል። ጥይቱ ካለፈው ይጣላል። ካልዘለቀው «የተፈተነ» ተብሎ ካልተተኮሰበት በእጥፍ ይሸጣል። ከዚያ ሸራ ሰፊው ገብሬ ሰደርያው ኪስ ውስጥ ይከተውና ዙሪያውን በወፍራም ክር ይሰፋዋል። ማንም መልሶ አይፈታውም።

አክረምም እንዲህ ያለ ጋሻ ነበረው። የተፈተነለት ቀን እየሳቀ ወደ ቤት ገባና «ያዘ!» አላት። እሷም እልል አለች።

በዚያው ዓመት በጋ፣ ከቦርደዴ ወዲህ ባለው ሜዳ ላይ፣ አንድ ጥይት የመኪናውን መስታወት ጥሶ ደረቱን አገኘው። ረዳቱ መሪውን ይዞ አወጣው፤ አክረም ግን ከተማ አልደረሰም። ለለቅሶ የመጣው ሁሉ «አጀሉ ነው፤ የተጻፈለት ቀን ደርሶ ነው» አላት። የተፈተነ ጋሻ ለብሶ የሞተ ሰው ከአጀል ሌላ ምን ሊባል ይችላል? እሷም ተቀበለች። ሰደርያውን ከሰዓቱና ከጫማው ጋር ሰጧት። ደሙን በውጭ በኩል አጠበችው፤ ስፌቱን ግን አልነካችም። አልጋዋ ራስጌ ባለው ሚስማር ላይ ሰቀለችው።

ቤቷ አስፋልቱ ዳር ነው። ጭነት የያዘ መኪና ባለፈ ቁጥር ግድግዳው ይንቀጠቀጣል። ሰደርያው ከተሰቀለ ወዲህ ግድግዳው በተንቀጠቀጠ ቁጥር ከውስጡ አንድ ድምፅ ይወጣ ጀመር፤ የሚያፋጭ ጥርስ የሚመስል፣ ቀጭን፣ ደረቅ ድምፅ። መጀመሪያ አይጥ መስሏት ግድግዳውን መታች። በኋላ አይጥ እንዳልሆነ ገባት። በሻሽ ሸፈነችው፤ ከሻሹ ሥር ተሰማት። ወደ ሌላው ግድግዳ አዛወረችው፤ እዚያም ተሰማት። ሼሁ ዱዓ አደረጉላትና «ሙት አይናገርም ልጄ፤ ሐዘን ነው» አሏት።

ሐዘንም ይሁን ሌላ፣ ሀሚዳ መመለስ ለመደች። ድምፁ ሲሰማ ከሥራዋ ቀና ሳትል «አለሁ» ትላለች። ጎረቤቶቿ ይህንን ሰምተው ሲተያዩ አይታለች። ግድ አልሰጣትም። አንድ ነገር ብቻ ያስጨንቃት ነበር፤ ድምፁ የሚለምን ዓይነት ነው። ምን እንደሚለምናት አታውቅም።

አክረም ከሞተ ሁለት ዓመት ሊሞላው ጥቂት እስኪቀረው አይሱዙው በሰው እጅ ሲነዳ ከረመ። ከዚያ ታናሽ ወንድሟ አብዱላሂ መጣ። ሦስት ልጆች ያሉት፣ ቀልደኛ፣ ሆዱ ትንሽ ወጣ ያለ ሰው ነው፤ ሂርና ላይ አሸዋ ሲያመላልስ የኖረ።

«እህቴ፣ መኪናችንን ባዕድ እያደቀቀው እስከ መቼ? እኔ ልንዳው» አላት።

«አሸዋህን አመላልስ።»

«አቦ ተይኝ! በአሸዋ ልጅ ያድጋል እንዴ?»

ብትከለክለውም ለሌላ ሰው እንደሚነዳ አወቀች። አብዱላሂ የያዘውን አይለቅም። «እንግዲያው ጋሻህን ስትመርጥ እኔም አለሁ» አለችው።

«ሴት ምርጫ ላይ ወጥታ አታውቅም።»

«ሴት ባሏን ቀብራ ታውቃለች» አለችው።

ጋሻ የሚሸጠው አብዱልቃዲር የሚባል፣ ጢሙን በሂና የሚያቀላ፣ ከምሥራቅ በኩል የኮንትሮባንድ ዕቃ የሚያስመጣ ነጋዴ ነው። ምርጫው የሚደረገው ከከተማው ወጣ ብሎ ካለው ደረቅ ወንዝ ውስጥ ነው። ያን ቀን ከሰዓት በፊት ሲደርሱ ጥቂት ሹፌሮች ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፤ ጉንጫቸው ግን ገና ባዶ ነው። ጆንያው በገረባ ታጭቆ፣ አፉ እንደ አንገት ታስሮ ቆሟል። ተኳሹ ቢራቱ ክላሹን ታፋው ላይ አጋድሞ ተቀምጧል። ቢራቱ የአክረም ባልንጀራ ነበር፤ ጋሻ ሁሉ በእሱ እጅ ነው የሚፈተነው።

«ሀሚዳ! መል ታቴ? ምን አመጣሽ?» አላት።

«ወንድሜን ላለብስ ነው።»

አብዱልቃዲር ሦስት ጋሻ አወጣ። አንደኛው እንደ ተጠቀጠቀ ላስቲክ ያለ፣ ሕፃን የሚያነሳው ነው። ሁለተኛው ጥቁር ቀለም የተቀባ ብረት ነው። ሦስተኛው ወፈር ያለ፣ በጥቁር ጨርቅ የተለበጠ ነው፤ ውስጡ እንደ ሲኒ በእሳት የበሰለ ጠንካራ ሸክላ መሆኑን ነጋዴው ነገራቸው።

አብዱላሂ ላስቲኩን አንስቶ ደረቱ ላይ ለጠፈው። «ይሄ ነው የእኔ! ክብደት የለው፣ ምን የለው።»

«ክብደት የሌለው ነገር ሲያልቅ አይታወቅህም» አለ አብዱልቃዲር። «ደግሞም ሙቀት አይወድም። ሞተር ላይ ተቀምጠህ አሰቦት ቆላ ስትወርድ ምን እንደሚሆን አላህ ያውቃል። ግን ይፈተን።»

ቢራቱ ተኮሰ። ጥይቱ ላስቲኩን አልፎ፣ ጆንያውን አልፎ፣ ከኋላ ያለውን ደለል አቦነነው። ገረባው በቀዳዳው ፈሰሰ። አብዱላሂ ሳያስበው ደረቱን ዳሰሰ።

«ኸረ ተወኝ» አለ።

ቀጥሎ ብረቱ ታሰረ። ጥይቱ ሲመታው ደወል የተመታ መሰለ። አልዘለቀውም። ሹፌሮቹ አጨበጨቡ። ሀሚዳ ግን ተነስታ ወደ ጆንያው ሄደች። ብረቱ ደህና ነው፤ ጥይቱ የመታበት ቦታ ትንሽ ጎድጎድ ከማለት በቀር ምንም አልሆነም። የጆንያው አፍ የታሰረበት ገመድ ግን በብዙ ቦታ ተቆራርጦ፣ አንገቱ ተሸርክቶ ተንጠልጥሏል።

«ይሄን ምን በላው?» አለች።

«የጥይቱ ስብርባሪ ነው። ብረት ጥይት አይውጥም፣ ይተፋዋል» አለ ቢራቱ።

«ወደ ጉሮሮ?»

«ወደ ተገኘበት።»

«ወንድሜ ጉሮሮ አለው» አለች ሀሚዳ።

«ኸረ ሁለት ነው ያለኝ» አለ አብዱላሂ፤ «አንዱ ለምግብ፣ አንዱ ለአንቺ መልስ መስጫ።» ሹፌሮቹ ሳቁ። እሷ አልሳቀችም።

ሦስተኛው፣ ሸክላው፣ ታሰረ። ቢራቱ ተኮሰ። ድምፁ አጭርና ድፍን ነበር። ጥይቱ ከውስጥ ቀረ፤ ስብርባሪም አልወጣም፤ ጆንያው አንገቱ እንደታሰረ ቆመ። «ያዘ!» አሉ ሁሉም ባንድ ድምፅ። ቢራቱ እንደ ልማዱ ጋሻውን ፈትቶ ከራሱ በላይ አነሳና ለተመልካቹ ነቀነቀው።

ያን ጊዜ ሀሚዳ ሰማችው። የሚያፋጭ ጥርስ። ቀጭን፣ ደረቅ። ከአልጋዋ ራስጌ የሚመጣው ያ ድምፅ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ከቢራቱ እጅ ውስጥ መጣ። አፏ ከልማዱ የተነሳ «አለሁ» አለ።

«ምን አልሽ?» አላት አብዱላሂ።

ሄዳ ጋሻውን ከቢራቱ እጅ ወሰደች። ወደ ጆሮዋ አስጠግታ ነቀነቀችው፤ አፋጨ። ጨርቁን በጣቶቿ ስትጫነው ከሥሩ እንደ ተሰባበረ ሲኒ ቆረቆራት። ከዚያ ከአብዱልቃዲር ዕቃ መካከል ያልተተኮሰበትን ሌላ ሸክላ ጋሻ አንስታ ነቀነቀች፤ ምንም አይሰማም። ሴት ማሰሮ ስትገዛ እንደምታደርገው በጣቷ አጥንት አንኳኳችው፤ ጠርቶ ጮኸ። የተተኮሰበትን አንኳኳች፤ ዷ ብሎ ቀረ።

«ሴትዮዋ ማሰሮ ልትገዛ ነው የመጣችው!» አለ አንዱ።

«ማሰሮ ሲሰነጠቅ ውሃ ያፈሳል፤ ይሄስ ምን ያፈሳል?» አለች ሀሚዳ ወደ ማንም ሳታይ። ከዚያ ለቢራቱ ሰጠችው። «ድገመው። እዚያው አጠገቡ።»

አብዱልቃዲር ጢሙን ይዞ ተነሳ። «አይሆንም! ሁለት ጊዜ አይፈተንም። ክታብም ቢሆን ሁለት ጊዜ አይፈተንም። ያ አላህን መፈታተን ነው።»

«ኦቦ አብዱልቃዲር፣ እርስዎ የሚሸጡት ክታብ ነው ወይስ ሸክላ?»

«እኔ የምሸጠው የተፈተነ ዕቃ ነው። ባልሽ በአጀሉ ሄደ። የሞትን ሥራ በእኔ ዕቃ ላይ አታድርጊ።»

ቢራቱ አልተኮሰም። ግን ክላሹን ትከሻው ላይ አንግቶ፣ ወንድምና እህት ወደ ከተማ ሲመለሱ ከኋላቸው መጣ። ማንም አልጠራውም።

ቤት ሲገቡ ሀሚዳ ሰደርያውን ከሚስማሩ አወረደችና ምንጣፉ ላይ አኖረችው። ቢላ አመጣች። አብዱላሂ እጇን ያዛት።

«እህቴ፣ የተሰፋ አይከፈትም። እሱ ለብሶት የሞተበት ነው። ተይው ይረፍ።»

«ሁለት ዓመት ሙሉ መቼ ዐረፈ?» አለችው። «እኔስ መቼ ዐረፍኩ? ልቀቀኝ።»

ለቀቃት። የገብሬ ስፌት ጠንካራ ነው፤ ክሩን አንድ በአንድ በጠሰችው። ጋሻው ሲወጣ ከማዕዘኑ ነጭ ዱቄት ፈሰሰ። የለበጠውን ጨርቅ ቀደደችው። ውስጡ እንደ ተከሰከሰ ሲኒ ነበር፤ ከታችኛው ንጣፍ ጋር ተጣብቆ የቀረው ገሚሱ ብቻ ነው። ንጣፉ ላይ ሁለት የጥይት ምልክት አለ። አንዱ ቆሟል፤ እርሳሱ ተጨፍልቆ ከውስጡ ቀርቷል። ሁለተኛው ከእሱ በጣት ርቀት ላይ ነው፤ እሱ አልፏል።

አንድ መኪና በውጭ አለፈ።

ቢራቱ ጎንበስ አለና ጣቱን በቆመው ላይ አደረገ። «ይሄ የእኔ ነው» አለ። ጣቱን ወደ ሌላው አሻገረ። «ይሄኛው የእነሱ።» እጁን መልሶ ሲያነሳ ጫፉ ላይ ነጭ ዱቄት ነበር። በሱሪው ጠረገው፤ እንደገና ጠረገው። «እኔ ነኝ እንዴ መንገዱን የከፈትኩላቸው?»

ሀሚዳ አየችው። ልትሰድበው አፏን ከፍታ ነበር። አክረም «ያዘ!» እያለ የገባ ቀን ራሷ እልል እንዳለች ትዝ አላት፤ አፏን መልሳ ዘጋች።

«ሂድ» አለችው ቀስ ብላ። «የተኮስክበት ሁሉ ማን ደረት ላይ እንዳለ የምታውቀው አንተ ነህ። ሂድ ንገራቸው።»

ቢራቱ ወጣ። ክላሹን እደጃፏ ረስቶት ሄዶ ነበር፤ አብዱላሂ ሮጦ ሰጠው።

በማግስቱ አብዱላሂ ከአብዱልቃዲር ዘንድ ያልተተኮሰባቸውን ሁለት ሸክላ ጋሻ ገዛ፤ አንድ ለደረት፣ አንድ ለጀርባ። ነጋዴው ተቆጥቶ ስለነበር እንኳን ዕቃውን ሊያወድስላቸው፣ ዓይናቸውንም አላየ። ሀሚዳ ሁለቱንም አንኳኳች፣ አዳመጠች። ገብሬን ኪሱን እንዳይሰፋው፣ ክዳንና ቁልፍ እንዲያደርግለት ነገረችው። ገብሬ «እንዳሻሽ፤ እኔ ክር ነው የምሸጠው» አለና ሠራው። አብዱላሂን ራሷ አለበሰችው። ሆዱ ላይ ሊያወርደው ሲል እጁን መታችው።

«ከአንገትህ ሥር ነው የሚጀምረው። ልብህ ያለው እዚህ ነው።»

«ሆዴስ? ሆዴን ማን ይጠብቀው?»

«ሆድህ ራሱን መጠበቅ ያውቅበታል።»

መኪና መጫኛው ላይ ሹፌሮቹ ሳቁበት። «ያልተፈተነ ለብሶ! ሙሽራዋን ሳያይ ያገባ!» ይሉታል። ከሁሉ ይበልጥ የሳቀው አብዱናስር የሚባለው፣ ከእሱ ኋላ ተከትሎ የሚነዳ ባለ ሌላ አይሱዙ ነው። ቢራቱ ጠዋት መጥቶ ሰደርያህን ክፈት ቢለው «የአባቴን ክታብ አልከፈትኩም፣ የእኔንም አልከፍትም» ብሎ መልሶታል። አሥር ሲል ጫቱ ተጫነ፣ ሁለቱ መኪኖች ተከታትለው ቁልቁል ወረዱ።

ሀሚዳ ስልኳን ይዛ ደጃፏ ላይ ተቀመጠች። አክረም ሲሄድ እንዲህ ተቀምጣ አታውቅም ነበር፤ የተፈተነ ለብሷልና ሥራዋን ትሠራ ነበር። አሁን ግን የምትተማመንበት የራሷ ጆሮ ብቻ ነው። ጆሮዋ ቢሳሳትስ? ሸክላው ያልተሰማ ስንጥቅ ቢኖረውስ? የመግሪብ አዛን ተሰማ፣ ሰገደች፣ ተመልሳ ተቀመጠች። ስልኩ ሲጮኽ ሊወድቅባት ነበር።

«አዋሽ ነኝ» አለ አብዱላሂ። «አንገቴ ተላጠ። ይሄ ዕቃሽ አንድ በግ አቅፌ የምነዳ ነው ያስመሰለኝ።»

«አልሐምዱሊላህ» አለች።

«ስሚ። አብዱናስር እዚህ አጠገቤ ነው። መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ተተኩሶ ነበር፤ ለማን እንደሆነ አላወቅንም፣ እኛን አልነካም። ከዚያ ወዲህ ሳቁ ጠፍቶበታል። ደረቴን አንኳኳልኝ ብሎኝ አንኳኳሁት።»

«እሺ?»

«ዷ ነው የሚለው።»

ሀሚዳ ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዋ አዛወረች።

«ነገ ሲነጋ ባዶ መኪና ይዘን በዚያው መንገድ ነው የምንመለሰው» አለ አብዱላሂ። «እኔ ሁለት አለኝ። የጀርባዬን ልስጠው ወይ? አንቺ የምትይውን ነው የማደርገው።»

ሀሚዳ አስፋልቱን አየች። የአብዱናስር ሚስት ከእሷ ቤት አልፎ ሦስተኛው ደጃፍ ላይ ናት፤ ከተቀመጠችበት የቤቱን መብራት ታያለች። አባታቸው እስኪመለስ እሷ ዘንድ ያሉት የአብዱላሂ ልጆች ደግሞ ከኋላዋ፣ እቤቷ ውስጥ፣ በትራስ እየተማቱ ይጮኻሉ። ስልኩ ውስጥ የአዋሽ መኪናዎች ጥሩምባ ይሰማል። «ሄሎ» አለ አብዱላሂ። «ሀሚዳ! ሄሎ!»

«ስጠው» አለች በመጨረሻ።

በማግስቱ ሁለቱም ቦርደዴን አልፈው፣ አሰቦትን አልፈው፣ ቀትር ሳይሆን ጭሮ ገቡ። አብዱላሂ ሰደርያውን አውልቆ አንገቱን እያሻሸ ከደጃፏ ተቀመጠ፤ ውሃ ሰጠችው፣ ጠጣ።

«ማታ ግን ረጅም ጊዜ ጠፋሽብኝ» አላት። «መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር።»

ሀሚዳ ባዶውን ጣሳ ተቀበለችው።

«ተቋርጦ ነበር» አለችው።